የእህቴ ቀለበት

የእህቴ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ ባሏ ዓይኑን በጨው ታጥቦ አዲሷን እጮኛውን ወደ ወርቅ ቤቴ ይዞ መጣ። ልጅቷ ነጭ ወርቅ ይሻላል ቢጫ እያለች ስታማርጥ ቆይታ፣ በመጨረሻ ቢጫውን፣ ሐረግ የተጠላለፈበትን መረጠች። እሱ ከኪሱ የእህቴን ቀለበት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እትዬ፣ ይሄን አቅልጪልን። ወርቅ ከቀለጠ በኋላ የማንም አይደለም።»

ቀለበቱን ለእህቴ ሠርግ የሠራሁላት እኔው ነኝ። ያን ቀን «የእህት ወርቅም ይፈተሻል!» ብላ እየሳቀች ነከሰችውና የፍንጭት ጥርሷ ምልክት ቀረበት። ላስተካክለው ብል «ተዪው፣ የኔ መሆኑ ይታወቅበት» አለችኝ።

እንቢ ብል ሌላ ቤት እንደሚያስቀልጠው አውቃለሁ። ከባዕድ እጅ የኔው ይሻላል ብዬ አቀለጥኩት። ከዚያው ወርቅ የሠራሁትን አዲሱን ቀለበትም እንደ መስታወት እስኪያበራ ወለወልኩት።

ሊወስዱት ሲመጡ ልጅቷ ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ልኳ ነበር። ወዲያው ግን ፊቷ ተለዋወጠና መንጭቃ አወጣችው።

«እትዬ፣ ውስጡ ስል ነገር አለው እንዴ?»

ውስጡን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነው። እጇን ስቤ መብራት ሥር አየሁት። ጣቷ ዙሪያውን የጥርስ ረድፍ ታትሞበታል፤ መሃሉ ላይ ፍንጭት አለው።