ናንዳር የሌለችበት ፎቶ

«ናንዳር፣ ነይ እንጂ! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው» አለ አርመናዊው ቫሃን፣ አጠገቡ ክፍት የተተወውን ቦታ እያሳየ።

ናንዳር የሐር ሽርጧን ተኩሳ ለብሳለች፤ ፀጉሯ ላይ አበባ ሰክታለች። ግን ወደ ሰልፉ አልሄደችም። ካሜራውን ከአስተባባሪዋ ከሎሬታ እጅ ወሰደች። «እኔ ላንሳችሁ፣ አንቺ ግቢ።»

«ኧረ አትኩሪብን!» ሳቀ ቫሃን። «ነገ ሚኒስትር ስትሆኚ አብረን ተማርን ብንል ማን ያምነናል?»

ሎሬታ ነገሩን ስለምታውቅ አልሳቀችም።

አሥራ ስምንቱም ሠልጣኞች ዋሽንግተን የመጡት «በሽግግር ላይ ካሉ አገሮች የተመረጡ የነገ መሪዎች» ተብለው ነው። የናንዳር አገር በርማ ግን እሷ በወጣች በአምስተኛው ወር ተመልሳ ወታደሮች እጅ ገባች። ሽግግሩ ወደ ኋላ ሆነ። ታናሽ ወንድሟ ሚዮ ታስሯል፤ ፊቷ አሜሪካኖቹ በሚያወጡት ፎቶ ላይ ከታየ ዳፋው ለእሱ ነው። ለብቻዋ ፎቶ ተነስታ እንዳትልክ ደግሞ የእናቷን ስልክ ኬላ ላይ ይፈትሹታል።

ያንጎን ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚዮ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል። እናቷ ከጎኑ ለናንዳር ፎቶ የሚሆን ሚስማር መትታ ከጠበቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ይሄ ሚስማር ነው አንጀቷን የሚበላት።

የጠዋቷን ፀሐይ ከኋላዋ አድርጋ አነሳቻቸው። በስልኳም ደገመችና፣ ጓደኞቼን እንኳ ትይልኝ ብላ ለእናቷ ላከችው። ከዚያ ደወለች።

«ደረሰሽ እማ? እኔ የለሁበትም።»



«አለሽ እንጂ» አለች እናቷ። «ሣሩ ላይ።»

ናንዳር ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየች። ከጓደኞቿ ጫማ ፊት ጥላዋ ተጋድሟል፤ ክርኖቿ ወደ ላይ ታጥፈዋል፣ አበባዋ እንኳ ሳይቀር ይለያል።

«ከስተሻል» አለች እናቷ። «ለመሆኑ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«እንግዲህ አጠፋዋለሁ። ነገ የሚዮን ስንቅ ይዤ ኬላውን አልፋለሁ።»

«አጥፊው እማ።»

«አጠፋዋለሁ። ቆይ፣ ትንሽ ልይሽ።»

ናንዳር ሳትንቀሳቀስ ቆመች፤ እናቷ አይታ እስክትጨርስ።