ወደ ኋላው መስታወት የተሳበ ሽቦ

የልጁ አርባ በወጣ ማግስት ደሳለ አሮጌውን ኮሮላ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አውጥቶ የኋላ ወንበሩን ነቀለ።

ሰፈሩ መኪናው ይሸጣል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ገና መራመድ የጀመረችውን ሴት ልጁን የአብስራን የገደለ መኪና ነው። ሐምሌ ላይ፣ ጠዋት፣ ከአሸተን ተራራ የወረደ ጉም ግቢውን እንደሞላው፣ ወደ ኋላ ሲወጣ ገጫት። ደሳለ ለፖሊስም ለሽማግሌም የሰጠው ቃል አንድ ነው፦ መስታወቱ እንፋሎት ለብሶ ነበር፣ ከኋላ ምንም አይታይም፣ መኪናው የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ፖሊሱ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ደሳለ በዋስ ወጥቶ ቀጠሮ ይጠብቃል።

ሚስቱ ፋና ከቀብሩ ወዲህ ወደ ሆቴል ሥራዋ አልተመለሰችም። ባሏ ሲያናግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አባቷ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ ይህን ሰምተው ሊወስዷት ከብልባላ መጡ። ዓይኑን ማየት ካቃታት ሰው ጋር ልጄ አትኖርም አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። የሁለቱ የነፍስ አባት አባ ገብረ ሚካኤል ብቻ ባልና ሚስቱን ለየብቻ ሰምተው ከወጡ በኋላ ይለያዩ አላሉም።

የመኪናው የኋላ መስታወት የሚሞቅ ነው። ቀጫጭኖቹ መስመሮች እስካሁን አሉ፤ ሽቦው ግን ድሮ ተበጥሷል። ደሳለ ሁለት ክረምት ሙሉ ነገ እሠራዋለሁ ሲል ከርሟል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው ጓደኛው አብዱልሀሚድ ከተበተነ መኪና ያወጣውን ሪሌ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ማብሪያ ሣጥን፣ ይዞለት መጣ። ላሊበላ ላይ በረዶ መጣል ጀመረ ወይ ብሎ ሊያሥቀው ሞከረ። ሳይሥቅለት ሲቀር፣ ቀስ ብሎ፣ ሽጠው አለው።

"አልሸጥም" አለ ደሳለ።

ቀጭን ሽቦ ስለሚቃጠል ወፍራሙን ከባትሪው አነሣ። ፊውዝ አስገባ፣ በሪሌው አሳለፈ፣ በምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ ሳበው። ማብሪያውን ሊገጥም የሾፌሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለአጭር ሰው እንደተጠጋ ያለውን ወንበር አልነካም፤ እንደዚያው ተጣጥፎ ሠራ።

ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ መጥተው በላዩ ቆሙ።

"ልጅህን በበላ ብረት ትጫወታለህ?"

"እየጠገንኩት ነው፣ ጋሼ።"

"ልትነዳው?"

"ይነዳል።"

"እፍረት የሚባል አልፈጠረብህም። ፋና ይህን እያየች እዚህ አታድርም።"

"እሄዳለሁ ካለች ትሂድ። እኔ ግን ለማንም ብዬ መኪናውን አልሸጥም፣ ፊቴንም አልሸፍንም። ይህንንም ለሽማግሌዎቹ ይንገሩልኝ።"

ጋሼ መሬቱን በምርኩዛቸው መትተው፣ ወደ ብልባላ የሚሄድ መኪና ሊያስቆሙ ወደ መንገዱ ወጡ።

ደሳለ ሞተሩን አስነሥቶ ማብሪያውን ተጫነ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ የኋላውን መስታወት የሸፈነው እንፋሎት በየመስመሩ እየተሰነጠቀ ለቀቀ። በመስታወቱ ውስጥ የቤቱ በር ታየ። ፋና ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። የሾፌሩን በር ክፍት ትቶ ወደ እሷ ሄደና ሻንጣውን ከእጇ ተቀበላት።

"ነይ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ ወደ ኋላ ስትነጂ ይታይሻል።"