ከኋላህ ነው!

ቪዲዮ ቤቱ ድሮ የእንጨት መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ ወንበር፣ ስክሪኑ ሁለት አንድ ላይ የተሰፉ አንሶላዎች። የሚታየው የድሮ የኩንግ ፉ ፊልም ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ሃያ ጎረምሳ የሚዘርርበት፣ ቡጢው ሳያርፍ ድምፁ የሚቀድምበት፣ ቅድም የሞተው ሰውዬ ልብስ ቀይሮ እንደገና ሊሞት የሚመጣበት። ርካሽ ነው ይሉታል። ይበሉት! የውድ ፊልም አዋቂዎች ቤታቸው ይቀመጡ።

ተርጓሚውን ሰዉ «መምህሩ» ይለዋል። ማይክሮፎኑን ይዞ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ቻይንኛውን ወደ አማርኛ ይመልሳል። በርጩማውን ማንም ንክች እንዲያደርግበት አይፈልግም። ድሮ እንደማንኛውም ሰው ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ ነበር የሚተረጉመው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ፊቱን ለተመልካቹ ሰጥቷል።

«አዋቂ ጠላቱን አያይም፤ ይሰማዋል» ይላል። ሰዉ ይቺን ነገር ወዶለታል።

ተመልካቹም አፉን ዘግቶ የሚያይ አይደለም። «ከኋላህ ነው!» «ጎንበስ በል!» «ሰይፉን አንሳ፣ አንተ ፈዛዛ!» እያለ አብሮ ይዋጋል። ዝም የምትለው የመምህሩ ሚስት ብቻ ናት። በሩ ላይ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ቁጥብ ሴት ናት። ከባሏ ጋር ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች።

የቤቱ ባለቤት አርጅታ ሥራውን ለልጇ ስታስረክብ ጣጣው ተጀመረ። ልጁ አዲስ ፊልም ላምጣ አለ። መምህሩ እምቢ አለ።

«የድሮው ይበቃናል።»

ልጁ ነገሩን ሲያብሰለስል ሰነበተና እናቱ ዘንድ ሄደ።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ቻይንኛ አይችልም። የድሮዎቹን በቃሉ ሸምድዷቸዋል። አዲስ ከመጣ እንዳይጋለጥ ነው።»

«ዐሥራ አምስት ዓመት ቤቱን የሞላልኝ እሱ ነው።»

«በውሸት ነዋ!»

በማግስቱ የአንድ አዲስ ፊልም ሽፋን ይዞ መጣና መምህሩ አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«ቅዳሜ ይሄን ትተረጉማለህ። ቻይንኛ የተማረ ጓደኛዬ መጥቶ ያዳምጥሃል። ካልቻልክ ማይክሮፎኑን ታስረክባለህ። አይተኸዋል ይሄን?»

መምህሩ ለሽፋኑ ዓይኑን እንኳ አልሰጠውም። ንቀቱ ልጁን አበገነው።

«አላየሁትም» አለ መምህሩ። «ቅዳሜ ያገናኘን።»

ሚስቱ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ ስትለምነው ሄደች። «ተወው፤ ይቅርብህ። ሰው ፊት ትዋረዳለህ።»

«ሞቼ ነው የምተወው! እኔን ከዚህ ወዲያ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ልጁ ፊት ወጥቶ ቆመ።

«ዛሬ ማንም ትንፍሽ እንዳይል! ጓደኛዬ ንግግሩን መስማት አለበት። የጮኸ ይወጣል።»

ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ያወራሉ፤ መምህሩም ቀጠን ያለና ጎርነን ያለ ድምፅ እያወጣ ተረጎመ። ከዚያ ጠቡ ተነሣ። ጧ! ጧ! ሰይፍ ከሰይፍ ተፋጨ። መምህሩ ዝም አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ተመልካቹ ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጫማ ሰፊ ጭንቀቱ ቢበዛበት አግዳሚውን በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ምነው ቋንቋው ጠፋህ?» አለ ልጁ፣ ፈገግ ብሎ።

ይሄኔ ከበሩ በኩል ጩኸት መጣ።

«ከኋላህ ነው! ሽማግሌው በጣሪያ ዞሮ ከኋላህ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቁጥቧ ቲኬት ቆራጭ ናት! ዝምታው አንዴ ከተሰበረ ማን ይችለዋል፣ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ሰይፉ ወደቀበት!» አለ ጫማ ሰፊው።

«አፈር በተነበት እኮ፣ ወራዳ ሽማግሌ!» አለች አጠገቡ የተቀመጠች ልብስ ሰፊ።

መምህሩ ቀና አለ። ድምፁ ቆርቆሮውን አነቃነቀው።

«አንተ ሽማግሌ! አባቴን ከኋላ ወጋኸው፣ ለእኔም በጣሪያ መጣህ? አፈርህን በትን! ሰይፌ ቢወድቅ እጄ አልወደቀም!»

እስከ መጨረሻው እንዲህ ሄደ። ሰዉ ጮኸ፣ መምህሩ ተረጎመ፣ ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ልጁ ወደ ጓደኛው ዞረ።

«እህስ?»

ጓደኛው ሳቁ አላስችል ብሎት ነበር። «አንዲት ቃል አላገኘም። ሽማግሌው ሲለፋ የዋለው የጠፋች በቅሎውን ፍለጋ ነው።»

«ሰማችሁ?» አለ ልጁ።

ጫማ ሰፊው ተነሣ።

«ምን አዲስ ነገር ነገርከን? ቻይንኛ እንደማይችልማ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እናውቃለን። እኛ በቅሎ ልንፈልግ ነው እንዴ እዚህ የምንመጣው?»

«እውነተኛው ትርጉም ከዚህ ከባሰ በአፍንጫዬ ይውጣ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ማይክሮፎኑን ንካና ታያለህ፤ አንሶላህን ብቻህን ተቀምጠህ ስታያት ትውላለህ።»

ቤቱ ወለሉን በእግሩ ደበደበው። ልጁ ጓደኛውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያ እጁን አነሣ።

«በቃ፣ ተሸነፍኩ። ማይክሮፎኑ ያንተ ነው።»

መምህሩ ከበርጩማው ሳይነሣ እጅ ነሣ። ሰዉ እያፏጨና አየሩን እየረገጠ ወጣ፤ ልጁም ጓደኛውን ይዞ ተከተለ። የመጨረሻው ሰው ከበሩ ሲያልፍ ሚስቱ የቲኬት ሳጥኗን ቆልፋ ወደ በርጩማው መጣች።

«ና፣ ክንዴን ያዝ፤ ሦስት ደረጃ አለ» አለችው። «ዓይንህ ከጠፋ ወዲህ እንደ ዛሬ ፈርቼ አላውቅም።»