ለነገ የያዝኩት ጥያቄ

«አንቀመጥም» አሉ አያ ክንዴ። «የመጣንበትን እሺ ሳትይን ወንበርሽን አንነካም።»

ሽማግሌዎቹ ጠባቧን የኪራይ ቤቴን ሞልተው ቆመዋል። ለጋብቻ የመጡ ቢሆኑ እናቴ በእልልታ እንጅባራን ታደባልቀው ነበር። የመጡት ግን አፌን ሊያስዘጉኝ ነው።

ነገ ጠዋት የቦክስ ክለቡ ኃላፊ መግለጫ ይሰጣል። ሬዲዮ ጣቢያችንም በቀጥታ ያስተላልፈዋል። እኔ አንድ ጥያቄ ይዣለሁ። በልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ የነበረውን አበረን፣ ሳምንት ሳይሞላው ዳንግላ ላይ እንዲጋጠም የፈቀደለት ማን ነው? ልጁ በሁለተኛው ዙር ወደቀ። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

«አምሳለ ልጄ፣ የሞተ አይመለስም» አሉ አያ ክንዴ። «ክለቡ ቢዘጋ የስንቱ ልጅ ተስፋ አብሮ ይዘጋል? ይችን ጥያቄ ለእኛ ስትይ ተያት።»

«ክለቡ ነው የላካችሁ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደሜ ፈላ።

«ዛሬ እኔ ዝም ብል ነገ ሌላ ልጅ ይሞታል። ያኔም ሽምግልና ሊሄዱ ነው፣ አያ ክንዴ?»

አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ነው ከኋላቸው፣ በሩ ሥር፣ ጋቢ እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡትን ሰው ልብ ያልኳቸው። የአበረ አባት ናቸው፣ አቶ ይሄይስ። ለሐዘን የተላጩት ራሳቸው ገና ፀጉር አላወጣም።

«እርስዎም? በገዛ ልጅዎ ሞት ዝም በይ ሊሉኝ?» አልኳቸው። ለሐዘንተኛ የሚባል አልነበረም፤ ንዴት አናገረኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ምን ነዎት?»

«የፈቀድሁለት። ከዳንግላ ደወለልኝ። ‹አባዬ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው፣ አሰልጣኙ ግን ግባ ይለኛል፣ ምን ላድርግ?› አለኝ። ግባ አልሁት። አገር እያየ፣ የይሄይስ ልጅ ፈርቶ ቀረ አታሰኘኝ አልሁት። አሰልጣኙም አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር።»

ክለቡ እሳቸውን ለምን እንደላከ አሁን ገባኝ። ነገ ብጠይቅ፣ ኃላፊው «አባቱ ፈቅደው ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። የታመመውን ልጅ ግባ ያለውን አሰልጣኝ ማንም አያነሳውም፤ አገሩ ሁሉ አባትየውን ሲወቅስ ይከርማል።

«እናቱ አታውቅም» አሉ አቶ ይሄይስ። ድምፃቸው ከጋቢው ሥር በግድ ይወጣል። «ልጄን ማን አስገባብኝ እያለች ስታለቅስ፣ እኔ እንጃ አልኋት። ያንችን ሬዲዮ ነው የምትሰማ። ስለ ልጄ የምትጠይቅልኝ ይህች ልጅ ብቻ ናት ትላለች። ነገን እየጠበቀች ነው።»

መጀመሪያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄው እውነት ነው፤ አሁንም መጠየቅ አለበት። ግን እኒህን ሰውዬ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ሚስታቸው ፊት የምቀብራቸው እኔ ልሁን?

«እሺ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተቀመጡ። አያ ክንዴ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፦

«አንደበትሽን ይባርክልሽ። ስምሽን ያስጠራው።»

ሁሉም አሜን አሉና እኔን ጠበቁ።

«አሜን» አልኩ። ነገ ጠዋት አንዲት እናት ሬዲዮዋን ከፍታ ትጠብቀኛለች።