የጉጠት ትርጓሜ

«ጉጠት ማለት እጅ የማይደፍረውን የሚይዝ መሣሪያ ነው። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ይይዝበታል፤ ከሱራፌልም አንዱ የነቢዩን ከንፈር ያነጻበትን ፍሕም ከመሠዊያው ያነሣው በእርሱ ነው» ብለው አረጋዊው ቄስ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ከአንጋጫ የመጣ አንድ ቀጥቃጭ ከኋላ ተነሣና ለዕጣን ማጠኛው ጽና ፍሕም ማንሻ እንዲሆን ራሱ የሠራውን አዲስ ጉጠት በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ነገር ግን እጃቸው ጉጠቱን ሳይነካ ቆመ። ባደጉበት ልማድ የቀጥቃጭ ዕቃ መሬት ካረፈ በኋላ ይነሣል እንጂ ከእጁ አይወሰድም። ምእመናኑ ሁሉ ይመለከቷቸው ነበር።

«እዚያ ድንጋዩ ላይ አኑረው፣ ልጄ» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ አንገታቸውን ደፉ።

ቀጥቃጩም ነውራቸውን ሊሸፍንላቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አይፍሩ አባ፣ ቀዝቅዟል፤ አያቃጥልም» አላቸው።