የኤርጫፎ አፈር

ኤርጫፎ ሁለት ነገር ይንቃል፤ ድንጋይ መካብንና ሸክላ ሠሪን። ከገረሴ ከተማ ከፍ ብሎ ያለው ዳገታማ እርሻው አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይ እርከን የካቡት ነበር። እሱ ግን ከወረሰው ወዲህ አንዲት ድንጋይ አንስቶ አያውቅም። የፈረሰውን ጠግን ሲሉት መዳፉን ዘርግቶ፣ ይሄ የቀን ሠራተኛ እጅ ይመስላችኋል ወይ ይላል። እውነትም እጁ ለስላሳ ነው። ሌላ የሚመሰገንበት ነገር የለውም።

በሚሊኒየሙ ክረምት ዝናቡ በረታ። ጎርፉ በፈረሰው እርከን እየሾለከ ድንቹን ከነአፈሩ ጠርጎ ዳገቱ ግርጌ ከመረው። እዚያ ደግሞ የሸክላ ሠሪዋ የሻሺቱ ጎጆ አለች።

ሻሺቱን ከቆላ ስትመጣ ተቀብለው ያንን ቁራሽ መሬት የሰጧት የኤርጫፎ እናት ወይዘሮ አገኘሽ ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ከቆላው ከምዕራብ ዓባያ በኩል ተድረው የመጡ ስለነበሩ፣ ያገሬ ልጅ ብለው ይሆናል ተባለ። ኤርጫፎ ግን የእርጅና ጅልነት ነው አለ። አምና አርፈው ዳገቱ አናት ላይ ሲቀበሩ ከቆላ አንድ ዘመድ እንኳ አልመጣም። ኤርጫፎም ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ መቃብሩ አልወጣም፤ አቀበት ያደክመዋል።

አንድ ጠዋት ሻሺቱ ከግርጌው አፈር በቅርጫት ሞልታ፣ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱ ላይ ካለው ቀርከሃ ኋላ ስትሰወር አያት። በማግስቱም አያት። አፈሬን እየሰረቀች ድስት ትሠራበታለች ብሎ በመንደሩ አወራ። የማሳ አፈር ሸክላ አይወጣውም ያለው ሰው ቢኖር፣ እነሱ ከምን እንደሚሠሩ ማን ያውቃል አለና ምራቁን እንትፍ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የበላው ግን በሸክላ ድስት ከተሠራ ወጥ ነው።

የልቡን አልተናገረም እንጂ የፈለገው ያቺን የጎጆዋን ቦታ ነበር። ጎርፉ ያወረደው ለም አፈር ሁሉ እዚያ ተኝቷል። ራሱ ከመካብ እሷን መንቀል ቀለለው።

ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ ቆሞ ከሰሳት።

«እሷ ብቻ አይደለችም» አለ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ ሁሉ ከዚህ ዳገት ይነሳልኝ። መሬት የሚያውቅ ዘር አይደለም።»

ሽማግሌዎቹም በንቀት ከእሱ አያንሱም ነበርና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አንጋፋው ኦይታ፣ አፈሩ ከተገኘ እንዳለው ይሆናል፣ ከቃላችን ፈቀቅ አንልም ሲል በየነ። ከዚያ ወደ ሻሺቱ ዞሮ አፈሩን የት እንደምታደርሰው ጠየቃት።

ሻሺቱ የኤርጫፎን ፊት አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች።

«ጎጆዬን ዛሬውኑ እለቃለሁ» አለች። «ብቻ አትከተሉኝ።»

ኤርጫፎ ሳቀ። ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው፣ ካልተከተልናት አልለቅም አለ።

ተከተሏት። ኤርጫፎ እያለከለከ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም ቆመው ጠበቁት። ከቀርከሃው ኋላ ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ድስትም፣ የድስት መተኮሻም አልነበረም። ያለው የወይዘሮ አገኘሽ መቃብር ነበር። ጎርፉ ጎኑን ቦርቡሮት እንደነበር ያስታውቃል። አሁን ግን ከላይ አዲስ አፈር ተከምሮበታል፤ ዙሪያው በድንጋይ ተክቧል፤ ዝናብ እንዳያጥበው ደሾ ሳር ተተክሎበታል።

ኤርጫፎ ቀላ፣ ጠቆረ። የሸክላ ሠሪ እጅ የእናቴን መቃብር አረከሰ ብሎ ጮኸ።

«አፈሩ ይኸው» አለ ወደ ኦይታ ዞሮ። «ቃላችሁን ጠብቁ።»

ኦይታ ግን ጎንበስ ብሎ የሳሩን አተካከል መረመረ።

«አንቺ በሰው እናት መቃብር ምን አገባሽ?» አላት።

ሻሺቱ ቅርጫቷን አወረደች።

«ጎርፉ አውጥቷት ነበር። እዚህ ከመዳሯ በፊት፣ ቆላ ሸክላ ስትሠራ የወለደችኝን ነው አፈር ያለበስኩት።»