የልብስ ሰፊው ሚስት ራስ ምታት

ልብስ ሰፊው ሚስቱን ወደ ኤምአርአይ ክፍል ያጀባት እንድትድን ሳይሆን እንድትጋለጥ ነበር። ራስ ምታቷ ውሸት መሆኑን ካወቀ ሦስት ወሩ ነው። ሴትዮዋ ግንባሯን የምትይዘው እሱ የሱቁን ቁልፍ ሲያነሳ ብቻ ነው። «ዛሬ እንኳ እቤት ብትውልልኝ» ትለዋለች ዓይኗን ጨፍና። ልጃቸው ደግሞ በስልክ ታግዛታለች፤ አባባ ሱቁን ይዝጋና እማዬን ያስታምም ትላለች። እናትና ልጅ እንደተመካከሩበት አላጣውም።

ሱቁ ነፍሱ ነበር። በሰፈሩ «መቀስ» ይሉታል። እሱ ስለ እጄ ቅልጥፍና ነው ይላል፤ ሰፈርተኛው ግን ምላሱን ማለቱ ነው። የገባን ሰው ሜትር ሳያነሳ ትከሻውን በዓይኑ ይለካል። ሰሞኑን ግን ደንበኛ የሚባለው ሁሉ ተበላሽቷል። የመምህሩ ኮት ግራ እጅጌው አጠረ ተብሎ ተመለሰ፣ ቀጥሎ የሹፌሩ፣ ቀጥሎ የሙሽራው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣመው እየዋሉ ትከሻቸው ሲወላገድ ልብስ ሰፊ ይወቅሳሉ ብሎ ሦስቱንም አሳፍሮ ሸኛቸው።

እቤትም ያው ነው። ድሮ ሳህን ሞልታ የምታቀርብ ሴት አሁን በግማሽ ሳህን ልታታልለው ትሞክራለች። አለቀ፣ ጨምሪ ሲላት ሳህኑን ዞር ታደርገዋለች፤ ይኸው ምግብ! ከየት እንደምታመጣው እሷ ትወቅ። የመኝታ ቤቱን በር የገጠመው አናጺም ከሷ አይሻልም፤ መቃኑ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው መግጨት ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ብቻዬን እፈራለሁ ብላ ለምና ወሰደችው። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ለሷ ሁለት ጥያቄ ወርወር አደረገላትና ወደሱ ዞሮ የስፌት ወሬ ጀመረ። ከዚያም ወረቀት ላይ ክብ ሣለና የሰዓት ቁጥሮችን ይሙሉልኝ አለው። ሚስት አሞኛል ብላ ተቀምጣ ባልን ሥዕል ማሣል ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ቢሆንም እጁን ሊያሳየው ሞላለት። ክቡ ጠባብ ስለነበር ቁጥሮቹን አጠጋግቶ መደርደር ግድ ሆነበት። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ከዚያም ሌላ ስንት ዓመት ጨምሮ፣ ክብ መሣል የማይችል ሐኪም! ሐኪሙ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ልብስ ሰፊው የባለሙያ እጅ አስደንግጦት ነው ብሎ ተደሰተ።

ቀጥሎ ሐኪሙ የጭንቅላት ኤምአርአይ ያስፈልጋል አለ። ኤክስሬይ ይበልጡን አጥንት ነው የሚያሳየው፤ ይሄኛው ግን በማግኔት የአንጎልን ለስላሳ ክፍል በስስ በስሱ ከፋፍሎ ያሳያል፣ እብጠት ካለ፣ ደም የማይደርስበት ቦታ ካለ ይለያል፣ ጨረርም የለውም ብሎ አስረዳ። ማዘዣውን ለሚስትየዋ ሰጣት። እሷ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና አለቀሰች። ተዋናይ ብትሆን ኖሮ ስንቱን ታስለቅስ ነበር አለ በልቡ።

ያን ቀን እቤት እንደገቡ ማለላት። ማሽኑ አንዲት ነገር ካገኘ ሱቁን በዚያው ቀን ይዘጋል። ካላገኘ ግን የራስ ምታት ወሬ በዚህ ቤት ዳግመኛ አይነሳም።

«እሺ፣ ይሁን» አለች። እሺታዋ ስለፈጠነ ነገሩ አልጣመውም።

ዛሬ ቀኑ ደረሰ። የማሽኑ ባለሙያ ቅጽ ይዞ መጣና ልብስ ሰፊውን እያየ ይጠይቅ ጀመር። ልክ ነው፤ በዚህ ቤተሰብ የሚመልሰው ባል ነው፣ ሠላሳ ዓመት እንዲያ ነው የኖሩት። ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ? የለም። ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት፣ የተሰበረ መርፌ?

«መርፌ የኔ ሥራ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «የሷ ሥራ መተኛት ነው።»

ባለሙያው ሚስትየዋን ቀና ብሎ አያት። የለም በሚል ራሷን ነቀነቀችለትና ጻፈ። ጠባብ ቦታ ያስፈራል ወይ ሲልም ልብስ ሰፊው ሲመቻት ሁሉም ያስፈራታል ብሎ መለሰ።

ማግኔቱ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባለ። ልብስ ሰፊው ሰዓቱን፣ ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ ከኮቱ ኮሌታ ላይ የማይለዩትን መርፌዎች ጭምር አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት። አጃቢንም እንዲህ መፈተሻቸው ደግ ነው፤ ሥራቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። ሚስቱ ግን በቀኙ ተቀምጣ፣ ጉትቻዋን እንዳንጠለጠለች ነበር።

«ጉትቻሽንስ? ከነጆሮሽ ይውሰድልሽ?»

«ይደርሳል» አለችና አጎንብሳ የጫማውን ክር ትፈታለት ጀመር። ልትጋለጥ ስትል ማቆላመጥ አማራት ብሎ ናቃት።

ባለሙያው ቀጠለ። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። ማሽኑ እንደ መዶሻ ያንኳኳል፣ ለዚያ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል። ከመስታወቱ ወዲያ ሆነን እናያለን፣ በማይክም እናወራለን። ልብስ ሰፊው ሚስቱ ሠላሳ ደቂቃ ዝም ብላ ስትተኛ እያሰበ ፈገግ አለ። ለዚህ ብቻ እንኳ ማሽኑ ይመስገን።

«ፍርሃት ከመጣ ይቺን የላስቲክ ኳስ መጭመቅ ነው። ይቀበሉኝ» አለ ባለሙያው።

እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ልብስ ሰፊው ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ኳስ የሚባል የለም፤ ሚስቱ ተቀብላው ይሆናል ብሎ ተወው።

«በቀኝ እጁ አስይዘው፣ ልጄ» አለች ሚስቱ፣ «ግራውን ከረሳው ሦስት ወሩ ነው።»